የቁጥር አርባ አንድ ድምፅ

ቁጥር አርባ አንድ ሞቷል። የሞተው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ደግሞ ድምፅ ሰጥቷል።

ሰኞ ጠዋት ወገዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ መዝገብ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ስኖር በሞተ ሰው ስም መሬት ሲሸጥ አይቻለሁ፤ በሞተ ሰው ስም ማዳበሪያ ሲወሰድም አይቻለሁ። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ ቁልፍ ሲጫን ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

አመልካቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ተስፋሁን ይባላል፤ በሾላ ገደል ቀበሌ ወፍጮና ሱቅ አለው። ጫማው ላይ ዱቄት፣ ፊቱ ላይ ንዴት አለ።

«እስቲ ከሥሩ ንገረኝ» አልኩት።

«ወንዛችን ላይ ድልድይ ሊሠራልን ነው፣ ኢንስፔክተር። ሁለት ቦታ ታጨ፤ ላይኛው መሻገሪያና ታችኛው መሻገሪያ። ድርጅቱ ሕዝቡ ይምረጥ አለ። እጅ በማውጣት ቢሆን ሰው ይተፋፈራል ብለው ሪሞት የሚመስል ነገር አመጡ። አንድን የተጫነ ላይኛውን፣ ሁለትን የተጫነ ታችኛውን መረጠ ማለት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ታችኛው በአንድ ድምፅ በለጠ። አርባ ስምንት ለአርባ ሰባት። ዝርዝሩን ሳየው የሟቹ የመልካሙ ቁጥርም መርጧል ይላል። ቀብረነው፣ አፈር አልብሰነው!»

«ማን ተጫነው ትላለህ?»

«የድርጅቱ ልጅ ናታ፣ ማሽኑን ያመጣችዋ። ማሽኑን ቀድማ አዝዛዋለች። የእናቷ አገር ታችኛው መንደር ነው።»

«በዚያ ሰዓት እናንተ የት ነበራችሁ?»

«ቀብር ላይ። ዘጠና አራታችንም።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዘጠና አምስት መራጭ ነው የተመዘገበው። አንዱ ሬሳ፣ ዘጠና አራቱ ቀባሪ። አዳራሹ ባዶ፣ ድምፁ ግን ሙሉ። በሌላ ጉዳይ ላይ አንድ ሰው በቦታው አልነበርኩም ሲለኝ ምስክር አምጣ እለዋለሁ። እዚህ ግን አገር ምድሩ ሁሉ በቦታው አልነበረም፤ ሁሉም ለሁሉም ምስክር ነው።

ልጅቱ ሕሊና ትባላለች። ከታሰረች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ፍርድ ቤቱ የፈቀደው ጊዜ አርብ ያበቃል፤ ዓቃቤ ሕጉም በሐሰተኛ ሰነድ ክሱን አርቅቆ የእኔን ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ዓመታት የሚያስቀጣ ክስ ነው።

ሕሊና የንፋስ መውጫ ልጅ ናት። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሥራው የመጀመሪያዋ፣ ከያዘችውም ስምንት ወሯ ነው። ኮንስታብል ሩት ይዛት ስትገባ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ተቀመጪ። ማሽንሽን እንደ አላዋቂ አስረጂኝ፤ አላዋቂ ነኝና አትቸገሪም።»

ፈገግ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ከስብሰባው በፊት ዘጠና አምስቱን የመምረጫ ቁልፎች በየቁጥራቸው አግዳሚው ላይ ደረደርኳቸው። በየረድፉ አሥር አሥር፣ መጨረሻው ረድፍ አምስት። ዝርዝሩ ላይ ላሉ አባወራና እማወራ ብቻ ነው። ለእንግዳ፣ ለተማሪ፣ ማየት ለማይችሉት ለየኔታም አልሰጠሁም። ሲስተሙ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ራሱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ሞልቼዋለሁ። በሰባት ሰዓት አጠቃቀሙን እያስረዳሁ ጥሩንባ ተነፋ።»

«የቀብር?»

«የቀብር። ከጋይንት የሚመጡ ዘመዶች ዘግይተው ነው እንጂ ጠዋት ነበር አሉ። ሁሉም ተነሣ። እኔም ከቄሶቹ ጋር ቀድሜ ወጣሁ። ሰው ቀብር ሲሄድ ማሽን ልጠብቅ እንዴ? እስከ ዘጠኝ እንመለሳለን ብዬ ነበር። ስንመለስ አሥራ አንድ ሆኗል። ስክሪኑ ላይ ዘጠና አምስት ከዘጠና አምስት ይላል።»

«ምን አልሽ?»

«ማን ነካው ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንድ ሽማግሌ፣ "አለቀ አይደል? ውጤቱን ንገሪን" አሉኝ። ሾፌሩ መሸብኝ ይላል። እኔም…» ወደ ጣቶቿ አየች። «ዘጠና አምስት ሰው ተገኝቶ መረጠ ብዬ ፈረምኩ። ዝርዝሩን አላየሁትም። ሰውየው መሞቱን እያወቅኩ፣ ቀብሩ ላይ ቆሜ አልቅሼ፣ ቁጥር አርባ አንድ እሱ መሆኑን አላሰብኩም።»

አመንኳት ማለት አልችልም፤ ፖሊስ ነኝ። ግን አሳዘነችኝ። ማሽኑ በየደቂቃው የመዘገበውን ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«እዩት። በስምንት ሰዓት ከአራት ከቁጥር አንድ ይጀምራል። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ በተራ፣ በየአርባ ሰከንዱ። ረድፉ ሲያልቅ ትንሽ ያርፋል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዘጠና አምስት ደርሶ ያቆማል። ማሽን ታዞ ቢሆን በአንድ ሰከንድ ይጨርሰው አልነበር?»

«ወይም የተማረች ልጅ እንዲህ እንድንል አስባ ዘርዘር አድርጋዋለች።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ይኼንንስ ለምን አደርጋለሁ? አርባ አንድ ላይ ሲደርስ አራት ደቂቃ ሙሉ ቆሟል። ሌላም አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ተቀብያለሁ ብሎ አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ ያን አይቶ የሚደግመው ሰው የለም። እዚህ ግን ዘጠና አምስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጭነዋል። ያው ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ ባውቅማ እዚህ አልቀመጥም ነበር።»

ነገሩ ጭራሽ ድፍንፍን አለብኝ። የማጭበርበር ሥራ ይቸኩላል። ይህኛው ያርፋል፣ ይቆማል፣ ይደጋግማል።

ሾላ ገደል ከወገዳ በሞተር ሁለት ሰዓት ነው፤ ድንጋዩን ለሚችል ወገብ። አዳራሹ የገበሬ ማሠልጠኛ ነው፤ ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ ጠባብ። ጥበቃው እንየው በሩን ከፈተልኝ።

«ያን ዕለት ቆልፈኸው ነበር?»

«የምን ቁልፍ፣ ጌታው። ገርበብ አድርጌ ነው የሄድኩ። አገር ቀብር ሲወርድ ማን ቀርቶ ይሰርቃል?»

«ከአንተ በፊት መጨረሻ የወጣው ማነው?»

ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ተስፋሁን መሰለኝ። በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁ። በየአግዳሚው ሥር፣ በየመቀመጫው ትይዩ፣ ክብ ክብ ጭረት አለ። የዱላ ጫፍ ነው። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ዞር ብዬ እንየውን አየሁት፤ ዱላ ይዟል። ከበሩ ውጭ የቆሙትም ስድስት ወንዶች ሁሉ ዱላ ይዘዋል። በወረዳችን በስማዳ ዱላን ማስረጃ ብሎ የሚይዝ ፖሊስ አገሩን ሁሉ ማሰር አለበት።

እስከ ማታ ሃያ ሦስት ሰው አነጋገርኩ። ሃያ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ።

«ድልድዩን መርጠሃል?»

«መርጫለሁ።»

«መቼ?»

«የዚያን ለት።»

«ቁልፉን በጣትህ ተጭነሃል?»

አንዱ ሰማይ ያያል፤ አንዱ በሬው ጠፍቶበት እንደሆነ ትዝ ይለዋል። በአያቶቻችን ጊዜ ቢሆን አውጫጭ ተቀምጦ፣ ነገሩ እስኪወጣ አንድም ሰው ከመስኩ አይነሣም ነበር። እኔ ያለኝ አንዲት ኮንስታብልና አንድ ሞተር ነው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም አሉ፤ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ተኝቶብኝ ዋለ።

የሟቹ ሚስት የሺ ጥቁር ለብሳ ከደጅ ተቀምጣለች። አጽናናኋትና ቀስ ብዬ ገባሁበት።

«ነፍሳቸውን ይማር። ለመሆኑ ጋሽ መልካሙ ለድልድዩ የትኛውን ነበር የሚፈልጉ?»

«ምን ይታወቃል ብለው። አንድ ቀን ላይኛው፣ አንድ ቀን ታችኛው ሲል ነው የከረመ። መጨረሻውንም አልሰማንም፤ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ምላሱ ታስሯል። የኔታ ቀለመ ወርቅ ያን ሁሉ ሌሊት አጠገቡ አሉ፤ ለእሳቸውም ቃል አልተነፈሰ።»

«የኔታ ማለት?»

«መምህራችን ናቸው፣ የድጓው። ፍትሐቱንም ጠዋት እዚሁ ቤት ሆነው አደረሱልኝ። እግራቸው አብጦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መውረድ አልሆነላቸውም።»

ስወጣ አንዲት አሮጊት መንገዴ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ተሾመች ነኝ አሉኝ፤ የቁጥር ሰባት ባለቤት።

«ያቺ ልጅ ታስራለች አሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምን በልታ ነው የምታድረው?»

«ሩት ከቤቷ ታመጣላታለች።»

እማማ ተሾመች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እሷ ምንም አታውቅም፣ ልጄ። ከዚህ ወዲያ አትጠይቀኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው።»

«የምን አደራ?»

መልስ ሳይሰጡኝ ሄዱ። ሃያ ሦስት ሰው ጠይቄ ያገኘሁት ይህችን አንዲት ቃል ነው፤ እሷም ምን እንደምትከፍት አላውቅም።

ወደ ተስፋሁን ወፍጮ ሄድኩ።

«ከአዳራሹ መጨረሻ የወጣኸው አንተ ነህ።»

«ብሆንስ?»

«ምን ስትሠራ ቆየህ?»

«ጫማዬን ሳስር።» ዓይኑ ከእኔ ላይ ሸሽቶ ወንፊቱ ላይ አረፈ። ወደ እግሩ አየሁ፤ ያደረገው ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው።

ደስ አለኝ። ወዲያው ግን አሰብኩት። ይህ ሰው የፈለገው ላይኛውን ነው፤ ወፍጮው እዚያ ነው። የተሸነፈውም ላይኛው ነው። ሰው ድምፅ ሰርቆ እንዴት ይሸነፋል? ደግሞ አራት ሰዎች መሰከሩለት፤ ቃሬዛውን ከቤት እስከ መቃብር ሳይለቅ የተሸከመው እሱ ነው። የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ላይ እየሟሟ አደረ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቢሮዬ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከማስረጃዎቹ አንዱን ቁልፍ በእጄ እያገላበጥኩ ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለት ጎላ ያሉ ጉብታዎች አሉት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ሕሊና ላፕቶፑን ውስጥ ከፍታ፣ ሩት ከበላይዋ ቆማ፣ በመስኮት ትጠብቀኛለች። እንደሚሠራ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።

«ይጫኑት» አለች።

ተጫንኩ። ፀሐዩ በርትቷል፤ መብራቱ ይብራ አይብራ አልታየኝም። ደግሜ ተጫንኩ።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ተጫኑ።»

«አልበራማ።»

«በርቷል። ፀሐይ ስለሆነ አላዩትም።»

እጄ እዚያው ቀረ። መብራቱን ያላየ ሰው ይደግማል። አዳራሹ ግን ጨለም ያለ ነው፤ እዚያ ውስጥ ይህችን መብራት የማያያት ሰው የለም። ካለም፣ መብራት የሚባል ነገር የማያይ ሰው ነው። በየመቀመጫው በዱላ እየዳሰሰ የሚሄድ፣ አርባ ሰከንድ የሚፈጅበት። እግሩ አብጦ ቀብር ያልወረደ።

ሕሊናም ነግራኝ ነበር፤ የሺም ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ ዓይን እያለኝ ያላየሁት። በራሴ አፈርኩ።

«የኔታ ቀለመ ወርቅ የት ናቸው?» ብዬ ወደ ቀበሌው ደወልኩ።

«እስቴ ናቸው» አሉኝ። «መካነ ኢየሱስ አጠገብ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ ረቡዕ በበቅሎ ተሸኙ።»

ረቡዕ ሕሊና የታሰረችበት ቀን ነው። ከመታሰሯ በፊት ነው የሄዱት። የሚነግራቸውም አልነበረም።

በማግሥቱ ከወረዳው በተዋስኩት መኪና ተነሣን፤ እኔ፣ ሩት፣ ሕሊና፣ እና በከረጢት ዘጠና አምስት ቁልፍ። የኔታ ከወጌሻው ግቢ፣ ከዋንዛ ጥላ ሥር፣ እግራቸውን በቀርከሃ ታስረው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን ጠርቼ ማንነቴን ስናገር ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«የኔታ፣ ማክሰኞ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ብቻዎን የቀሩ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁልፎቹን የተጫኑትስ?»

«እኔው ነኝ። ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሳምንት ሙሉ የጠፋው መልስ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶ እዚህ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሕሊና አፏን በእጇ ያዘች።

«ማሽኑን የምትሠራው ልጅ በዚህ ጉዳይ ታስራለች» አልኳቸው።

የኔታ ዱላቸውን ፈለጉ። ሲያገኙት ለመነሣት ሞከሩና አልቻሉም። «ማን አሰራት? ስለ ምን? እኔን አስገባኝና እሷን አውጣት። በል ደግፈኝ።»

«ይቀመጡ። እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ጥሩንባው ሲነፋ እኔ ከበሩ አጠገብ ነኝ። አንዲት አሮጊት መጣችና፣ "የኔታ፣ እርስዎ እንደሆነ ይቀራሉ። ማሽኑ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤ እኛ አንደርስም። የኔን ያድርሱልኝ፣ አደራ" አለችኝ። ቁጥሯንና ልቧን በጆሮዬ ነገረችኝ። ከኋላዋ ያለውም ሰማት። ተሰለፉ። ዘጠና አራት ሰው እንደዚያ እየነገረኝ ወጣ። ለሌላ ሰው የሰጠ ድምፁ ይሰረዛል ተብሎ ነበርና ማንም ቁልፉን ከቦታው አላነሣም፤ ለማንም እንዳይወራ ግን ተባባሉ።»

«ዘጠና አራቱንም አስታወሱት?»

ያን ጊዜ ትንሽ ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ የዓመቱን ዜማ፣ ድጓውን፣ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ በቃሌ የምዘልቅ ሰው ነኝ። ዘጠና አራት ቃል ምን አላት?»

ማመን አንድ ነገር ነው፤ ማረጋገጥ ሌላ። ቁልፎቹን ሰሌን ላይ በየረድፉ አሥር አሥር አድርገን ደረደርናቸው። ማን የትኛውን እንደመረጠ እንዳላይ ሕሊና ላፕቶፑን ከእኔ አዞረች፤ እሷም የምታየው ከበፊቱ ጋር የሚገጥመውን ብዛት ብቻ ነው። የኔታ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እየተጫኑ፣ በተቀመጡበት እየተሳቡ ሄዱ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ወጌሻውና ታማሚዎቹ ሥራ ፈትተው ከበቡን።

«ስንቱ ገጠመ?» አልኳት።

«ዘጠና አምስት ከዘጠና አምስት» አለች ሕሊና። በታሰረች በስምንተኛ ቀኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተፈታ።

እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የየሺ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

«የኔታ፣ በሩ ላይ የነገሩዎት ዘጠና አራት ናቸው። ጋሽ መልካሙ ሦስት ቀን ምላሳቸው ታስሮ ነው የሞቱት። አርባ አንድን ማን ነገረዎት?»

የሽማግሌው ጣቶች የዱላውን ራስ እያሹ ነው።

«ቀድሞ ነግሮኝ ነበር ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር፤ የሚያጋልጠኝም የለም» አሉ። «አርባ አንድ ላይ ስደርስ እጄን አሳርፌ ቆየሁ። ያቺ ልጅ ስብሰባው ላይ ስትቆጥር ሰምቻታለሁ። ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት አለችና እኔ ጋ ደርሳ አለፈችኝ። አልከፋኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከፍቶኝ ነበር። ታችኛው መሻገሪያ በክረምት ሁለት ደቀ መዛሙርቴን ወስዷል። ይህ እግሬም የተሰበረው እዚያው ነው። ወንዙን በእግሬ የምሻገረው እኔ ሆኜ፣ ስለ ወንዙ ያልተጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። የሞተ ሰው ቁልፍ የማንም አይደለም አልኩና ታችኛውን ተጫንኩ።»

«የማንም አልነበረም?»

«ውሸት ነው። የየሺ ነበር። የልጆቹ ነበር።» ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ውጤቱ በስንት ተለያየ?»

«በአንድ።»

«እንግዲያ ድልድዩን እኔ ሰረቅሁት» አሉ። ከማያዩት ዓይኖቻቸው እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

ሌባ ሳገኝ የሚሰማኝ አንድ የታወቀ ደስታ አለ፤ ያን ቀን አልመጣም። ሕሊና ከላፕቶፑ ተነሥታ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«የኔታ፣ ያልቆጠርኩዎት እኔ ነኝ» አለች። «ስክሪኑ አይታይዎትም ብዬ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ።»

በእጃቸው ራሷን ፈልገው አገኙና ባረኳት። ሩት ወደ መኪናው ዞረች፤ እኔም ማስታወሻዬ ላይ የምጽፈው ያለ መሰለኝ።

የኔታ አብሬ ካልሄድኩ አሉ፤ ይዘናቸው መጣን። ሐሙስ ጠዋት ዓቃቤ ሕጉ ፊት ሁሉንም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ማን የትኛውን እንደመረጠ ሲጠየቁ ግን፣ «እሱ የእኔ አይደለም» ብለው ዘጉ። ዓቃቤ ሕጉ ሕጉን ገለጠ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ደግሞ ገለጠ። በመጨረሻ የማታለል ሐሳብ አልተገኘም፣ ምርጫው ይሰረዝና ይደገም ብሎ ጻፈ። ሕሊና ከሰዓት በኋላ ተለቀቀች።

ተስፋሁንን አስጠርቼ በሩን ዘጋሁ።

«መጨረሻ የወጣኸው ቁጥርህን ለየኔታ ልትነግር ነበር።»

በሩን በዓይኑ ፈለገ።

«ማን እንደተጫነው ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ታዲያ ልጅቱን ለምን?»

«የኔታን ብከስ አገር ያወግዘኛል» አለ ወደ መሬት እያየ። «እሷ ግን እንግዳ ናት።»

ተናደድኩ። በእሱ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ሦስት ሰው ዓይኔን እያየ ዝም ብሎኛል። መምህራቸውን ለማዳን አንዲት የሰው ልጅ እስር ቤት ትደር አሉ፤ ሁሉም በየልቡ ነገ ትፈታለች ብሎ ተኛ። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የለኝም። «ውጣ» አልኩት፤ ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ምርጫው ተደገመ። እኔም ሄድኩ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው ብዬ ለሩት ነገርኳት። እማማ ተሾመች ለሕሊና በአገልግል ስንቅ ይዘውላት መጥተዋል፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ሲያወጡ አልሰማሁም። ሌላውም ሰው እየመጣ ሳያስፈልግ ወንበር ያቀርብላት፣ ገመድ ያቃናላት ነበር። በቁጥር አርባ አንድ መቀመጫ ላይ የሺ ጥቁሯን ለብሳ ተቀምጣለች። ዝርዝሩም ዘጠና ስድስት ሆኗል።

ውጤቱን ለሚፈልግ፣ ታችኛው ሃምሳ ሰባት፣ ላይኛው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ተስፋሁን ለአንድ ሳምንት ማንንም አላናገረም፤ ከዚያ ታች ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው ሲባል ሰማሁ።

እኔ ግን የማስታውሰው ውጤቱን አይደለም። ሕሊና የመጨረሻውን ቁልፍ ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ ነው። የኔታ እጅ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣታቸውን በሁለቱ ጉብታዎች ላይ አስኬደችላቸው፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ጠበቀች። ተጫኑ። ጣታቸው እንደ ልማዱ ሊደግም ተነሣ።

«በርቷል፣ የኔታ» አለቻቸው። «አረንጓዴ ነው።»

ጣታቸው በአየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አጣጠፉ። ማታ ማሽኑ የመዘገበውን ወረቀት ተቀብዬ እስከ ታች አነበብኩት። ቁጥር ዘጠና ስድስት፣ አንድ ጊዜ ይላል።